በር የሌለው በርበሬ

ትናንት ባሕር ዳር ገበያ አንዲት ሴት የዛላ በርበሬ ጆንያ ፈታ ስትዘረግፍ አስነጠሰኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እኔ ግን ቆሜ ሳቅሁ። ሻጯ፣ "ምነው እታለም፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት?

አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥሁበት ዓመት ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ በአንድ ነጋዴ መጋዘን፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ከቡሬ ገጠር የሚመጣውን በርበሬ እንለቅም ነበር፤ ፈዛዛውን ከቀዩ እየለየን። ዛላ ይሰረቃል ተብሎ በሩ ከውጭ ይዘጋብናል። በቆርቆሮው ሽንቁር የሚገባው ብርሃን ብናኙን ሲነካው ይቀላ ነበር። ነጠላችንን አፍንጫችን ላይ ብናስርም ቤቱ ሁሉ ሳል ነበር።

አንድ ቀን ነፍሰ ጡሯ ባልንጀራችን ጆንያ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ውኃ ረጭተንባት ስትነቃ ተቆጣጣሪው፣ "ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ" አላት።

በማግስቱ ጠዋት፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት እናት መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ። እኛም አጠገባቸው ተቀመጥን። እኔም ብባረርስ እያልሁ መንገድ መንገዱን አይ ነበር። በርበሬውን የሚጭነው መኪና ቆሞ ይጠብቃል። ነጋዴው መጣ።

"ምን ጎደለባችሁ?"

"ጌታው፣" አሉ እናታችን ረጋ ብለው፣ "በርበሬ ሲሉን በር ያለበት መስሎን ነበር የመጣነው።"

ነጋዴው በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር አሉ። ቅኔው ገባውና ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ብቻውን መጋዘኑ ገባ። ብዙም ሳይቆይ እያሳለ፣ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።

በዚያው ሳምንት ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለልን። ነፍሰ ጡሯም ተመለሰች፤ ስትደክም እንድታርፍ ተፈቀደላት። ንፋሱ ብናኙን ይወስደዋል፤ እኛ እየለቀምን እንዘፍናለን። መንገደኛው ሠርግ እየመሰለው በአጥሩ አሻግሮ ያየን ነበር።

ባልንጀራችን ሴት ልጅ ወለደች። እናታችን ክርስትና አነሷት። ያን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሕፃኗን ታቅፈው ፀሐይ ላይ ቆመው ሳለ፣ ዓመታት መጋዘን ውስጥ የጠጡት ብናኝ ሳል ሆኖ ተነሣባቸው። ፊታቸውን አዞሩና ልጅቷን ወደ እኔ ዘረጓት።

"ያዥልኝ ልጄ፣ እንዳላስልባት።"

ተቀበልኋት። እሳቸው የካቡን ግድግዳ ተደግፈው ሲስሉ፣ እንዳትነቃ ጆሮዋን በመዳፌ ሸፈንሁላት።