እታለም የጨረሱት ድራማ

ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ታቦር ቤታችን ቴሌቪዥን አልነበረም፤ የአባቴ ታላቅ እህት እታለም ግን ነበሩን። የሚሠሩት አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። እዚያ በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ተከታታይ ድራማ እየሰረቁ ያዩና፣ ማታ ኩራዙ በርቶ ከሰሉ ፍም ሲሆን፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ለእኔና ለታናሽ እህቴ ለሰናይት ይተርኩልን ነበር።

ድራማው ስለ አንድ ጋኔንና ሊገድለው ስለሚያሳድደው ጎበዝ ነው። ያኔ ሁለቱም የእኛው አገር ሰዎች ይመስሉኝ ነበር፤ እታለም ጋኔኑ ከክፋቱ ሲመለስ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደው አስጠምቀውታል፣ ጎበዙንም በአንበሳሜ ገበያ መሐል አሳልፈውታል። ጎበዙ ቁጡ ነው፣ ይቸኩላል፣ አንዴም በቁጣ የገዛ ወዳጁን አቁስሏል። እታለም ከጋኔኑ ይልቅ እሱን ነበር አጥብቀው የሚያሙት።

በዚያ ክረምት የእታለምና የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ደሴ፣ ከመተማ ተመለሰ። ከመሄዱ በፊት ጠጥቶ ባጃጅ ሲነዳ ተገልብጦ፣ ከኋላ የነበረችው ሰናይት እግሯ ተሰብሮ እያነከሰች ቀርታለች። መጠጡን ትቷል። አባቴ ግን «ክረምቱ እስኪወጣ ተቀመጥ፤ ከዚያ መንገድህን ፈልግ» ካሉት ወዲያ አላነጋገሩትም። እሱም በሩ አጠገብ፣ ነፋስ የሚገባበት ላይ ኩርምት ብሎ ትረካውን ያዳምጣል።

የመጨረሻው ክፍል ተራ ሲደርስ፣ እታለም ከወትሮው ቀስ ብለው ተረኩ። ጋኔኑ ተንበርክኮ «ያጠፋሁትን አውቃለሁ፤ የፈለግከውን አድርግ» አለ። ጎበዙ ሰይፉን አነሳ። እዚህ ላይ አቆሙና ፍሙን ይቆሰቁሱ ጀመር።

«ገደለው እንዴ እታለም?» አለች ሰናይት።

እታለም ወደ በሩ አየት አደረጉ። «ሊገድለው ነበር» አሉ። «ኋላ ግን እጁ ዛለበት። ሰይፉን ጣለና፣ ተነስ በል፣ ወደ ቤት እንግባ አለው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰናይት እያነከሰች ተነሳችና የተቀመጠችበትን ዱካ ገፋ አድርጋ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች። እሳቱ ዳር የነበሩት አባቴም ፊታቸውን ሳያዞሩ «ምን አስቀመጠህ እዚያ ብርድ ላይ? ወደ እሳቱ ጠጋ በል እንጂ» አሉ። አጎቴ ጠጋ አለ። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ክረምቱ ወጣ፤ እሱ ግን አልሄደም።

በቅርቡ ያንን ድራማ በስልኬ አገኘሁት። ወንዛዬም አንበሳሜም የሉበትም፤ ባሕርና ፎቅ ነው። መጨረሻው ላይ ጎበዙ ተንበርክኮ የሚለምነውን ጋኔን ገድሎ ብቻውን ወደ ቤቱ ይገባል። በጣም አዘንኩ፤ ሄጄም እታለምን «ዋሹን እኮ» አልኳቸው።

«እና ወንድሜ በር ላይ ተቀምጦ እያየሁት ልግደለው?» አሉኝ።

ዛሬ ሰናይትን ማታ ማታ ከሥራዋ በባጃጁ የሚያመጣት አጎቴ ደሴ ነው። እኔም ድራማውን ለልጄ ስተርክላት ጋኔኑን ወንዛዬ ወስጄ አስጠምቀዋለሁ። ሰይፉ የሚነሳበት ላይ ስደርስ ግን እንደ እታለም አቆምና፣ በሩ ላይ ማን እንዳለ አያለሁ።