ግድግዳው ይከፈት

ሰፈሩ «ጠብ አይል» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ገጥሟል። መጋጠሚያውን ካጠበቀ በኋላ ደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎበት ያሳድራል፤ በማግስቱ ተመልሶ ጨርቁን በጉንጩ ይነካል። እጅ ይዋሻል፣ ጉንጭ አይዋሽም ባይ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው አንዲት የቤት ባለቤት «ያጠበቀው መጋጠሚያ ተፈትቶ ቤቴን ውሃ አጥለቀለቀው» ብላ የከሰሰችው። የመጀመሪያው ችሎት ምስክር ሰምቶ ፈረደበት። ከካሳው ይልቅ ስሙ አንገበገበው፤ የድሮ ደንበኞቹ ሳይቀሩ «እስቲ እናስብበት» ማለት ጀመሩ። ይግባኝ አለ። የይግባኙ ችሎት ቧንቧውን ማንም ሳያየው መፈረዱ ልክ አይደለም ብሎ ውሳኔውን ሻረ፣ መዝገቡንም ወደ መጀመሪያው ችሎት መለሰው። እዚያም ዳኛዋ ክርክሩ ከመሰማቱ በፊት የሚቀርብ ማመልከቻ ካለ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይግባ ብለው አዘዙ።

እሱ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ቧንቧው የተቀበረበት ግድግዳ በባለሙያ ፊት ይከፈት።

«አንተ፣ ለጠበቃ ስጠው» አለችው ሚስቱ።

«መፍቻ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ስለ መጋጠሚያ ምን ብሎ ይጽፋል?»

ራሱ ጻፈው። የቧንቧውን መስመር በእርሳስ ነደፈ፣ ልኩን በሴንቲሜትር አሰፈረ። ሦስት ቀን ይቀረኛል ብሎ ተረጋግቶ መዝገብ ቤት ደረሰ።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላበጠች። «አባት፣ ከመቼ ጀምረው ነው የቆጠሩት?»

«የትእዛዙን ግልባጭ ከተቀበልኩበት።»

«የሚቆጠረው ትእዛዙ ከተሰጠበት ቀን ነው። ዛሬ ዐሥራ አምስተኛው ነው። ደግሞ ቃለ መሐላ የለውም፤ ለከሳሽ የሚሰጥ ቅጂም የለውም። በዐሥራ አንድ ሰዓት እንዘጋለን።»

ዘጠኝ ተኩል ነበር። ጎረቤት ያለው የፎቶ ኮፒ ማሽን ተበላሽቷል። አልተከራከረም፤ ውሃ ሲፈስ አይከራከሩትም። ኮሪደሩ ላይ ባለው የመስኮት ደፍ ላይ ማመልከቻውን ከነንድፉ በእጁ ገለበጠ፣ ቃለ መሐላውን ጻፈ፣ ሬጅስትራሩ ፊት ማለ። ማኅተሙ ሲያርፍ ለመዝጊያው ስምንት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

ጸሐፊዋ ሁለቱን ንድፎች አስተያየች። «የቱ ነው ቅጂው?»

«እኔም አላውቀው» አላት፤ ደስ ብሎታል።

በቀጠሮው ቀን የከሳሽ ጠበቃ ተቃወመ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ጊዜ ማባከን ነው። ሴራሚኩም ይሰባበራል።»

«ሴራሚኩን እኔው እመልሳለሁ» አለ ጠብ አይል።

«ቢረቱስ?» አሉ ዳኛዋ።

«ብረታም እመልሳለሁ። የተከፈተ ግድግዳ ትቼ ሄጄ አላውቅም።»

ዳኛዋ ፈቀዱ፤ ባለሙያም ሾሙ።

ባለቤትየዋ ክሱ እስኪያልቅ ብላ የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ ዘግታው ስለነበር ነገሩ እንደነበረ ነው። ባለሙያው ስድስት ሴራሚክ አነሣና ውሃው እንዲለቀቅ አዘዘ። መጋጠሚያው ደረቅ ነው። ከሱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ግን ደኅናውን ቧንቧ አንድ ብሎን በስቶታል፤ በብሎኑ ዙሪያ ውሃ ይረጫል። ብሎኑ የፎጣ መደርደሪያው ነው።

«ወንድሜ ነው የሰቀለው» አለች ባለቤትየዋ ቀስ ብላ። «ግድግዳ መብሳት እችላለሁ ብሎኝ።»

የከሳሽ ጠበቃ ክሱን እንደሚያነሡ ለመናገር ሪፖርቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ጠብ አይል ግን ጠበቀ። ባለሙያው ጽፎ ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበለት፤ «መጋጠሚያው ጤነኛ ነው፣ ምንም አያፈስም።»

«ጥሩ ነው» አለ። «አሁን ደግሞ ማን እንደገጠመው ይጻፍልኝ። ሙሉ ስሜን።»