አንሙት ያረማት ሰዓት

ባለፈው እሑድ ቡሬ ሰርግ ተጠርቼ ዳስ ውስጥ አንሙት አጠገብ አስቀመጡኝ። ሁለታችንም ፀጉራችን ገብስማ ሆኗል። ቂሜ ግን አንድም ቀን አላረጀም።

ያኔ ከኮሌጅ እንደወጣን ፍኖተ ሰላም አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አንድ ሽሮ አብረን እንበላለን፣ ሥራም አብረን እንፈልጋለን። ጋሽ ይሁኔ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ ቢሯቸው መኖሪያ ቤታቸው ነው፤ ግቢያቸው ገና ሲገቡበት ያስነጥሳል። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት የአዲስ አበባ ገዢዎቻቸውን በቪዲዮ እያነጋገሩ በርበሬውን ያሳዩአቸዋል። ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ራውተራቸው ግን ውሎ ሲያድር ይደነዝዛል፤ አጥፍተው ካላበሩት አይነቃም።

"ይህን ላዳነልኝ ሰው የቢሮየን ሥራ አስረክበዋለሁ" አሉን።

እኔ ስክሪፕት ጻፍሁ። ኮምፒዩተራቸው በየሌሊቱ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ራውተሩን አጥፍቶ እንዲያስነሣው የሚያዝ ጥቂት መስመር ነው። ከሰዓቱ ጎን "ከሌሊቱ ዘጠኝ" የሚል ማስታወሻ አኖርሁ። ልጭነው ስል አባቴ አረፈ ተባልሁና ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ፈረስ ቤት ወጣሁ። ኅዳር ነበር፤ ጤፉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ሳለ እኔ ምኑንም አላየሁት። መኪና ያሳፈረኝ አንሙት ነው። "አይዞህ፣ ዕቃህን እኔ እጠብቃለሁ" አለኝ።

ከቀብር እንደተመለስሁ ጋሽ ይሁኔ ዘንድ ሄድሁ።

"እግዜር ያጥናህ ልጀ። ሥራውንስ አንሙት ዛሬ ጨረሰው፤ ቦታውም ለሱ ሆነ። የጓደኛየን ስሕተት አርሜ ነው የጫንሁት ብሎኛል።"

"እስቲ ልየው፣ ጋሸ?"

"እይ፣ ምን ከፋኝ።"

ፋይሉን ከፈትሁት። የራሴው ጽሑፍ ነው፤ ስሜን ፍቆ የራሱን አስገብቶበታል። ለካ አረምሁ ያለው ሰዓቱን ኖሯል። ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነውና የእኛ ሌሊት ዘጠኝ ለእሱ ሦስት ነው፤ እኔም ሦስት ብዬ ነበር። አንሙት ማስታወሻዬን አየና ሦስቱን ዘጠኝ አደረገው። የፈረንጅ ዘጠኝ ደግሞ የእኛ ጠዋት ሦስት ነው፤ ጋሽ ይሁኔ ከገዢዎቻቸው ጋር የሚገናኙበት ሰዓት።

ስሕተቱን ለመንገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን "ጥሩ አድርጎ ሠርቶታል፣ ጋሸ" ብዬ ወጣሁ። ከመንገድ ዳር ትኩስ የተቀቀለ ድንች ገዝቼ በሚጥሚጣ በላሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ምግብ የጣመኝ ያን ቀን ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ገዢው ዋጋ ሊቆርጥ ሲል መስመሩ ይጠፋል፤ አንሙት ሮጦ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቀን መብራቱን፣ አንድ ቀን ገመዱን ይወቅሳል። እኔ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ የጋሽ ይሁኔን ጩኸት እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ! በመጨረሻ "ውጣልኝ ከቤቴ!" አሉት። እሱ ሲወጣ እኔ ገባሁ፤ አንዲት ቁጥር ለወጥሁና ሥራው የእኔ ሆነ።

ሰርጉ ላይ አንሙት ድንገት ወደ እኔ ዞረ።

"እንደው ያ የጋሽ ይሁኔ ራውተር ምን ነክቶት ነበር? እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።"

"መብራት ይሆናላ" አልሁት።

የነፍስ አባቴ ይቅር በለው እያሉ ሲመክሩኝ ኖረዋል። ሥራውንስ እሺ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። አባቴን አፈር ሳለብስ የእጄን ሥራ መስረቁን ግን አልተውለትም። ነገሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሲሞትም ሳያውቀው ይሙት። ብርጭቆው ጎድሎ ነበርና ጠላ ሞላሁለት።