ቁርስ በልታችሁ ኑ

ማክሰኞ ማታ እህቴ ከኮምቦልቻ ስትመለስ እየሳቀች ገባች። በሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ አቧራውን አራገፈች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የጂኦሜትሪ ጥያቄ እሠራለሁ። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ባለችው ከተማችን፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን የምንኖረው። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። አባታችን የሚኖረው ደጋን ገጠር ነው፤ እርሻውን ጥሎ ብዙ አይመጣም።

"ዛሬም ጾመው መጡልህ" አለችኝ።

"እነማን?"

"ልጆቹ ናቸዋ! አንደኛና ሁለተኛ ክፍሎች። አንዷማ ሰልፍ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀችብኝ።"

እህቴ ጤና ረዳት ነበረች። የታመመ ልጅ አዝሎ ጤና ጣቢያ ድረስ የሚመጣ ሰው ጥቂት ስለሆነ እሷ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ትወርድ ነበር። አንዱ ትምህርት ቤት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ያለ ነው። የገበሬና የቀን ሠራተኛ ልጆች ይማሩበታል። ዓይናቸውን ታያለች፤ እከካቸውን ትቀባለች፤ ቁስላቸውን ታጥባለች። በዚያ ሳምንት ተራው የወስፋት ነበር። መድኃኒቱ የሚታኘክ ክኒን ነው። ልጅ በልቶ ቢወስደው ምንም አይለውም። ይህን ደጋግማ ተናግራለች። "ቁርስ በልታችሁ ኑ" ብላ ልካቸዋለች። እናቶቹ ግን የሆድ ትል መድኃኒት ሲባል የሚያውቁት ኮሶንና እንቆቆን ነው። እነሱ ደግሞ የሚጠጡት በባዶ ሆድ ነው። ስለዚህ ከዋዜማው ማታ ጀምረው ልጆቻቸውን እህል ይከለክሏቸዋል።

"የወደቀችዋን ልጅ እናት አስጠራኋት" አለች እህቴ። "'ምነው እናቴ፣ ብሉ ብዬ አልነበረም?' ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'ወላሂ ሰምቻለሁ የኔ ልጅ፤ ግን ወስፋቱ ካልራበው ክኒኑን እንዴት ብሎ ይበላዋል?'"

"እውነቷን ነው" አልኩ። "እኔም ጠግቤ ክኒን አልበላም።"

"አንተማ ራስህ ወስፋት ነህ። ሽሮዋን የት አደረስካት?"

ሽሮዋን ጨርሻት ነበር። ድስቱን ከፍታ አየችና እንደገና ሳቀች። ደረቅ እንጀራ በበርበሬ እየበላች ግን ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋ።

"ነገ ሦስተኛና አራተኛ ናቸው" አለች። "እነሱም ጾመው ነው የሚመጡት፤ አውቃለሁ። ማልጄ ካልደረስኩ እስከ ቀትር ድረስ አንጀታቸው ታጥፎ ይጠብቁኛል።"

መኪና ማግኘት ቀላል አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ መኪና አንድ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ለሌላ ጉዳይ ይወሰዳል። ያን ጊዜ እሷ ያገኘችው ላይ ተሳፍራ ትወርዳለች። ልጆቹን "አንድ ቀን ከቀረሁ መኪና አጥቼ ነው፤ በማግሥቱ እመጣለሁ" ትላቸው ነበር። ቀርታ በማግሥቱ ሳትሄድ የቀረችበት ጊዜ አላስታውስም።

ያ ማታ ይኸው ነው። ሌላ ነገር የተባባልን ይመስለኝና ላስታውስ እሞክራለሁ። የለም። መብራቱን ያጠፋችው እሷ ናት።

ረቡዕ ጠዋት ስነቃ ወጥታ ነበር። የተሳፈረችበት የጭነት መኪና ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ። እኔን ከክፍል ጠሩኝ። "ቤት ሰው ይፈልግሃል" አሉኝ እንጂ ሌላ አልነገሩኝም። የሰፈሩን ቅያስ ስታጠፍ የሴቶቹን የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ማንም የነገረኝ አልነበረም፤ መንገርም አላስፈለገም።

አባቴ ለአስር ሰላት ደረሰ። በዚያው ቀን ቀበርናት።

ማታ ቤቱ በሰው ሞላ። ያ ሁሉ ሰው የት እንደተቀመጠ አላውቅም፤ ክፍሏ ጠባብ ናት። ሁሉም "አብሽር" ይለኛል። ትከሻዬን ይዞኝ ያልፋል። አብዛኞቹን አላውቃቸውም። ዓይኔ እሷን ይፈልግ ነበር። ይህን ሁሉ እንግዳ እንዴት እንደምናስተናግድ የምታውቀው እሷ ናት። ይህን ሳስብ ብቻዬን መሆኔ ገባኝ። መቃብሩ ላይ እንኳ እንዲያ አልገባኝም ነበር።

ጎረቤታችን እንጀራ ጠቅልላ ወደ አፌ አስጠጋችልኝ። "ብላ እንጂ የኔ ጌታ፣ ሆድህን አታድርቅ" አለችኝ። ያን ጊዜ ልጆቹ ትዝ አሉኝ።

ዛሬ ጾመው ጠብቀዋታል። ከትምህርት ቤቱ ማንም አልመጣም፤ ስለዚህ አልሰሙም። መኪና አጣች ብለዋል። ነገ ትመጣለች ብለው ዛሬ ማታ ደግሞ እህል አይቀምሱም። ጉርሻዋን መለስኩላት።

ሐሙስ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ጫማዬን ሳስር አባቴ አየኝ።

"ወዴት ነው?"

"ኮምቦልቻ፣ አባባ።"

"እህትህ ትናንት ተቀብራ? ለቅሶ ጥለህ? ሰው ምን ይላል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ ኬላው ላይ አፍሰው ለጦር ቢወስዱህስ? አንተ ነህ የቀረኸኝ።"

"ልጆች ጾመው ይጠብቋታል። አልሰሙም።"

"የምን ጾም ነው በዚህ ወር?"

ስለ ክኒኑ ነገርኩት። እየተደነቃቀፍኩ ነገርኩት። የሙስበሃውን ዶቃ መቁጠር አቁሞ አዳመጠኝ።

"ታዲያ የትል መድኃኒት በልቶ ይወሰዳል እንዴ?" አለኝ።

"እሷ ብሉ ብላለች።"

ሙስበሃውን ኪሱ ከተተ።

"እሷ ካለችስ" አለ። "የተማሪ መታወቂያህን ያዝ።"

አውቶቡሱ ሐረጎ ሲደርስ ሰዉ ወደ አንድ ወገን ተንጋጋ። "የትናንቱ እዚች ጋ ነው" ተባባሉ። አንዱ "ሾፌሩ ጠጥቶ ነው አሉ" አለ። "ኧረ ፍሬን ነው፣ ሰው አትማ" አለው ሌላው። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ "ልጅ እግር ሴት ነበረች አሉ፤ አላህ ይርሐማት" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። እህቴ ናት ልላቸው አሰብኩ። የፊት ወንበሩ ጀርባ ላይ አንድ ሰው በምስማር የጫረው ነገር ነበር። እሱን እያየሁ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ኬላው ላይ መታወቂያዬን አይተው ለቀቁኝ።

ልጆቹ የክፍሉን ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። የሚሮጥ የለም። ኳስ የሚመታ የለም። ልጅ እንዲያ ቁጭ ብሎ አይቼ አላውቅም።

ዳይሬክተሩ ከቢሮው ወጣ። በመልክ ያውቀኛል፤ አንድ ቀን ከእሷ ጋር መጥቼ ነበር።

"ምነው፣ ዛሬም ቀረች?"

"ትናንት… ሐረጎ ላይ…" አልኩ።

ገባው። ቆቡን አወለቀ። ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት እጁ ላይ ያዞረው ጀመር። ከዚያ ወደ ደወሉ ዞረ።

"ልሰብስባቸውና ልንገራቸው።"

"በባዶ ሆዳቸው አይንገሯቸው" አልኩት። "መጀመሪያ ይብሉ።"

ቆሞ አየኝ። "እንግዲያው አንተ ላካቸው" አለኝ።

ልጆቹ ፊት ቆምኩ። "ዛሬ ክኒን የለም። ቤታችሁ ሄዳችሁ ብሉ፤ ከዚያ ተመለሱ" አልኳቸው።

"ሐኪሟ ዛሬም መኪና አጣች?" አለ አንዱ ከኋላ።

"አጣች" አልኩ።

ቤታቸው ቅርብ የሆኑት እየተጎተቱ ሄዱ። ጥቂቶቹ ከዳገቱ ማዶ የሚመጡ ናቸውና ከተቀመጡበት አልተነሡም። መንገድ ዳር ካለችው ሱቅ ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። ለመጀመሪያዋ ልጅ ዘረጋሁላት። ፀጉሯን ቆረቆር በልቶት የተላጨች ናት። እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

"እማ እንዳትቀምሺ ብላኛለች።"

"ሐኪሟ እኮ ብሉ ብላለች።"

"እሷ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምትል" አለ አጠገቧ ያለው ልጅ፣ እንደ ትልቅ ሰው። "አንተ ደግሞ ማነህ?"

"ወንድሟ ነኝ።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ወንድሟ ከሆንክ በላ ብላ፣ እንይህ!"

ሌሎቹ ሳቁ። ከመጡ ጀምሮ የሳቁት ያኔ ይመስለኛል። እኔም ከማክሰኞ ማታ ወዲህ እህል አልቀመስኩም ነበር። ዳቦውን ቆርሼ አፌ ውስጥ አስገባሁ። አልወርድ አለኝ። ሁሉም አፌን አፌን ያያሉ። አኘክሁት፤ ቆየሁ፤ እንደገና አኘክሁት። ዋጥኩት። ሁለተኛ ቆረስኩ።

ያቺ ልጅ አንዱን እጇን ከጀርባዋ አወጣች። "ቢስሚላህ" ብላ ከያዝኩት ዳቦ ላይ ቆረሰች። ልጁ ከእሷ ነጠቀ፤ እሷም በክርኗ ጎሸመችው። የቀረውን ዳቦ ይዤ ወደሚቀጥሉት አለፍኩ።