የእናቴ ግማሽ ዓርብ

ወደ ካርቱም ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ትናንት ከቀትር በኋላ ዴም በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ ከምንኖርበት ግቢ ማዶ፣ አንዲት ሴት ጣሪያው በወደቀ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከሰል አቀጣጥላ፣ ሰፊ መጥበሻ ጥዳ ቡልጢ ስትጠብስ አገኘኋት። ቡልጢ እኛ አገር ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነው። ዘይቱ ሲንጣጣ፣ ሎሚና የተወቀጠ በርበሬ ሲያርፍበት የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና እግሬ አልራመድ አለኝ። ሴትየዋ ዓይኔን አይታ ጭሱ ያስለቀሰኝ መስሏት ምድጃዋን ከፊቴ ገፋ አደረገችልኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? እኔ በዚያች ደቂቃ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ጀበል አውሊያ ውሃ ዳር ተቀምጬ ነበር።

እናቴ ሉባባ የወሎ ሴት ናት፤ ሐይቅ ከሚባለው ከተማ አጠገብ፣ ከራሱ ከውሃው ዳር የተወለደች። ካርቱም የገባችው እኔን በሆዷ ይዛ ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ እኔ ቆሜ መሄድ ሳልጀምር በወባ ሞተ፤ እሷም እኔ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ሥራ ያዘች። ንጋት ላይ ከዴም ወጥታ ትሄዳለች፣ ሲመሻሽ ተመልሳ እኔን ከጎረቤት ትወስዳለች፤ ዓርብም ቢሆን ለእሷ እንደ ማክሰኞ ነበር።

የቪላው ሰዎች በብርዱ ወራት ዓርብ ዓርብ ጀበል አውሊያ መውረድ ይወዱ ነበር። ከከተማው በስተደቡብ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ነጭ ዓባይ እዚያ በግድብ ይታገትና ወንዝነቱን ረስቶ፣ ማዶው እስከማይታይ ድረስ ተንጣሎ ሐይቅ ይሆናል። ሰላጣውን የምትከትፈው፣ ዳቦውን በጨርቅ የምትጠቀልለው፣ የሻዩን ፔርሙዝ የምትሞላው እናቴ ነበረች፤ መኪናው ሲወጣ የግቢውን በር ከውስጥ የምትዘጋውም እሷው። ስለዚህ ሐይቁን የምታውቀው በእጥበት ነበር። ከምንጣፉ እጥፋት አሸዋውን ታራግፋለች፤ ከትሪው ላይ የደረቀውን የዓሣ ቅርፊት በጥፍሯ ትፍቃለች፤ የልጆቹን ሱሪ ስትነክር ውሃው ይደፈርሳል። ቤት ስትመጣ እጇን አፍንጫዬ ላይ አድርጋ፣ የሐይቅ ዳር ጭቃ ከሌላ ጭቃ በሽታው እንደሚለይ ታስተምረኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ያላየችውን ሐይቅ አጠበች።

አንድ ሐሙስ የቪላው እመቤት መዳም ሰሚራ፣ ቤተሰቡ በማግስቱ ለሠርግ ወደ መደኒ ስለሚሄድ እንዳትመጣ ነገረቻት። እናቴ ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣

«ነገ ጀበል አውሊያ እንሄዳለን» አለችኝ።

«ከማን ጋር?»

«ከእኔ ጋር።»

ወዲያው ወጥታ የጎረቤታችንን የዓም ባቢከርን በር አንኳኳች። «ዓም» አጎት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። አምጃድ የምንላትን ትንሽ ሚኒባስ የሚነዱ፣ ከመናገራቸው በፊት ጢማቸውን የሚያኩ ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ «መሽዋር ኻስ» ነው የምፈልገው አለቻቸው፤ ሌላ ተሳፋሪ የሌለበት፣ የኛ የብቻችን ጉዞ፣ ለግማሽ ቀን። ዓም ባቢከር ጢማቸውን አከኩ።

«እዚያ ማንን ልታገለግዪ ነው?»

«ማንንም።»

«እሺ፣ ማን ነው ታዲያ የሚሄደው?»

«እኔና ልጄ።»

እሳቸውም ነገሩ ሙሉ በሙሉ ባይገባቸውም ጠዋት መኪናዋን አጥበው መጡ። እናቴ ከሳጥን ሥር አውጥታ የማላውቀውን ሐምራዊ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች ከላይ የሚጠመጥሙትን ረጅም ጨርቅ፣ ለብሳ ወጣች። ፊት ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ቢጋብዟት አመስግና ኋላ ገባች፤ እኔን ከጎኗ፣ ምሳችንን ከእግራችን ሥር አደረገች፤ መስኮቱን ከፍታ ክንዷን ደገፍ አደረገችበት። ይህን ከመዳም ሰሚራ እንዳየችው አሁን ይገባኛል። የዚያን ቀን ግን ከተወለደች ጀምሮ እንዲያ ስትቀመጥ የኖረች ነበር የመሰለችኝ።

መንገዱ ለዓም ባቢከር ከባድ ፈተና ሆነባቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እጅ ላነሳ ሁሉ ሲቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ካላክላ የሚባለውን ሰፈር እስክናልፍ ድረስ አንድ ሰው እጁን ባወዛወዘ ቁጥር እግራቸው ፍሬን ላይ ይወጣል። እናቴ በየጊዜው «ዓም ባቢከር፣ ኻስ ነው» ስትላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ለቆመው ሰው በመስኮት ይቅርታ እየጠየቁ ያልፋሉ። አንድ ኬላ ላይ ፖሊስ አስቆመንና የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማውን፣ አገላብጦ አየ። «ማን ነው የላከሽ?» አላት። «ማንም አልላከኝም። ውሃ ለማየት ነው የምሄደው» አለችው። ፖሊሱ እሷን አየ፣ ዓም ባቢከርን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሳቅ አመለጠው። እናቴ ከምሳችን ሁለት የተቀቀለ እንቁላል አውጥታ ሰጠችው። በኋላ ለምን ሁለት እንደሰጠችው ስጠይቃት፣ «አንድ ከሆነ ጉቦ ይመስላል፤ ሁለት ሲሆን ግብዣ ነው» አለችኝ።

ደረስን። ውሃው ከሰማዩ ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ አይታወቅም፤ ነጫጭ ወፎች ከግድቡ የብረት በሮች በላይ ይዞራሉ፤ ጥቁሩ ትንሽ ተራራ ከኋላችን ቆሟል፤ ነፋሱ የዓሣና የእርጥብ ገመድ ሽታ ያመጣል። እኔ «በሕር!» ብዬ ጮህኩ፤ ሱዳን ውስጥ ዓባይም ባሕርም ስሙ አንድ ነው፤ ያን ጊዜ አማርኛዬም እዚህም እዚያም በአረብኛ የተጣፈ ነበር። እናቴ «ሐይቅ በይ» አለችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ ዳር ዳሩን እየሄደች በጣቷ እያመለከተች ታስጠራኝ ጀመር፤ ሞገድ፣ ደለል፣ ታንኳ፣ ደንገል። ቤታችን ውስጥ የማይፈለጉ ቃላት ስለነበሩ ከአፏ ሰምቻቸው አላውቅም፤ እሷ ግን አንዱንም አልረሳችም።

ጫማዋን አውልቃ ቶቧን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች። ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጣ፣ ወገቧን ሰበር አድርጋ ስትወረውረው ድንጋዩ ውሃውን እየነካ አምስት ጊዜ ዘለለ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እናቴ አንድ ቀን ልጅ እንደነበረች፣ ያውም ጎበዝ ልጅ እንደነበረች፣ ያን ቀን አወቅሁ። ዓም ባቢከርም ሞከሩ፤ የሳቸው ድንጋይ «ጧ!» ብሎ ሰመጠ። ደግመው ሞከሩ፣ ሰመጠ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ጠዋቱን ብቻቸውን ዳር ላይ ድንጋይ ሲመርጡና ሲያሰምጡ ዋሉ።

እናቴ ከታንኳ ላይ ዓሣ መርጣ ገዛች፤ ዳር ላይ ምድጃ ጥለው ከሚጠብሱት ሴቶች አንዷ ጠበሰችልን። ምንጣፋችንን አንጥፈን ገና አንድ ሁለት ጉርሻ እንዳነሳን ነጭ መኪና መጥቶ አጠገባችን ቆመ። መጀመሪያ ያየሁት የመዳም ሰሚራን ጫማ ነው። ሠርጉ ለሳምንት ተላልፎ ኖሮ፣ ካርቱም ውስጥ ካለው ከአል-ጣኢፍ ሰፈር የመጡ ሁለት እንግዶቿንና አሮጊት እናቷን ሀቦባ ኑራን ይዛ መጥታለች። ሀቦባ አያት ማለት ነው።

መዳም እናቴን ስታይ ፊቷ በደስታ በራ።

«ሉባባ! ወላሂ አላህ ነው የላከሽ! ነይ፣ ነይ፣ እቃውን ከመኪናው አውርጂ። እንግዶች አሉኝ።»

በክፋት አልነበረም ያለችው፤ ይህን እስከ ዛሬ አምናለሁ። እናቴን አይታ ሌላ ነገር ሊታሰባት አልቻለም፤ እንዲህ ሲሆን ነው የኖረው። እኔ ራሴ ሳላስበው ተነስቼ ሳህኖቻችንን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። እናቴ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። እሷ ግን ተነሳች፤ እጇን በውሃ አለቀለቀች፤ እንግዶቹን አንድ በአንድ ሰላም አለች፤ የሀቦባ ኑራን እጅ ሳመች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣

«መዳም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። «ዛሬ እኔም እንግዳ ነኝ። ሻዬ ትኩስ ነው፣ ዓሣውም ይበቃናል። ኑና ከኛ ጋር ተቀመጡ።»

አንደኛዋ እንግዳ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። የመዳም ፈገግታ ግን እንደነበረ ፊቷ ላይ ቀረ።

«ሉባባ፣ እየቀለድሽ ነው?»

«አይደለም፣ መዳም።»

የቤት ኪራያችን፣ የኔ ትምህርት ቤት፣ ያ ዘወትር የምትፈራለት ኢቃማዋ፣ ሁሉም በዚያች ሴት አፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር የአሥር ዓመት ልጅም ቢሆን ያውቃል። እናቴ ግን ዓይኗን አልሰበረችም።

በመጨረሻ የተንቀሳቀሱት ሀቦባ ኑራ ነበሩ። በከዘራቸው አሸዋውን እየወጉ መጡና፣ የኔን ትከሻ ተደግፈው፣ እያቃሰቱ ምንጣፋችን ላይ ተቀመጡ።

«ሰባት ዓመት የዚህችን ልጅ ሻይ ከማድ ቤት ሲመጣልኝ ጠጥቻለሁ» አሉ። «ዛሬ ደግሞ ከምንጣፏ ላይ እጠጣለሁ። ሰሚራ፣ ትራሴን አምጪልኝ።»

መዳም ሰሚራ ተረከዘ ረጅም ጫማዋ አሸዋው ውስጥ እየሰጠመ፣ ትራስ አቅፋ ከመኪናው እስከ ምንጣፋችን መጣች። ትራሱን ከእናቷ ጀርባ አድርጋ ወደ እንግዶቿ ተመለሰች፤ እቃቸውንም ራሳቸው አወረዱ። ሀቦባ ኑራ ግን ከኛ ጋር ቆዩ። ዓሣውን እሾሁን እየለቀሙ በሉ፤ ስለ እናቴ አገር ሐይቅ ጠየቁ፤ ጥልቀቱን፣ ዓሣውን፣ ሴቶቹ ይዋኙ እንደሆነ። እናቴም እጇን እያወዛወዘች አወራችላቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት ሰው ስለ አገሯ ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

የአሱር ሶላት ሳይደርስ ግማሽ ቀናችን አለቀና ተሳፈርን። ጥቂት እንደሄድን እናቴን ቀና ብዬ ሳያት ስንመጣ ከፍታው የነበረውን መስኮት ዘግታለች።

«ዓም ባቢከር» አለች፣ «አጠፋሁ እንዴ?»

ዓም ባቢከር ጢማቸውን አከኩ። ብዙ ካሰቡ በኋላ፣

«ድንጋዩን ግን እንዴት ነው የምትይዢው?» አሏት።

እናቴ ሳቀች። እስከ ካላክላ ድረስ እየሳቀች፣ ዓይኗን በቶቧ ጫፍ እየጠረገች መጣች፤ መስኮቱንም በመሀሉ መልሳ ከፈተችው።

ቅዳሜ ከሌላው ቀን ቀድማ ወደ ሥራዋ ሄደች። መዳም ሳምንት ሙሉ ከትእዛዝ በስተቀር አላናገረቻትም። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ «ከእንግዲህ ዓርብ አትምጪ» አለቻት። እናቴ የተባረረች መስሏት ሽርጧን መፍታት ጀመረች። «ዓርብ ብቻ ነው ያልኩሽ» አለች መዳም፣ እየተቆጣች፤ «እናቴ እንዲህ ይሁን ብላለች።» ሀቦባ ኑራ እስኪሞቱ ድረስ እናቴ ከዚያ ቤት አልወጣችም። ሲሞቱ እንደ ልጅ አልቅሳ ቀበረቻቸው፤ ከዚያ ሥራውን በራሷ ፈቃድ ለቅቃ ዴም ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየችና ለሠራተኞች ምሳ ማብሰል ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ማንም «ነይ» ብሎ ጠርቷት አያውቅም፤ እሷ ናት ሌላውን «ኑ፣ ብሉ» የምትለው።

ወደ ሐይቁ ግን አልተመለስንም። ዓርቡ የኛ ከሆነ በኋላ መቼም ይደርሳል አልን። እኔ አገባሁና ፖርት ሱዳን ገባሁ። ጦርነቱ ሲጀመር ነይልኝ ብዬ ለመንኳት፤ ጎረቤቶቼ ሳይወጡ እኔ አልወጣም አለችኝ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። የግፊት መድኃኒቷ አልቆ መሞቷን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው።

ዛሬ ጠዋት፣ የቀበራት ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው ዑስማን መቃብሯ ጋ ወሰደኝ። ወደ መካነ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር እዚያው ሰፈር ውስጥ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው ያሳረፏት። የሰፈሩ ሴቶች አጥበው ከፍነዋታል፤ ተሰግዶባታል። ራስጌዋ በቆመችው ቆርቆሮ ላይ በአረብኛ «ሉባባ ሐበሻዊቷ» የሚል ተጽፏል። ዑስማን አንገቱን ደፍቶ፣ ወረቀቶቿ ከቤቱ ጋር በመዘረፋቸው፣ የአባቷን ስም ቢያጠያይቁም የሚያውቅ ሰው በመጥፋቱ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ቤቱ ሄዶ ቀለምና ብሩሽ ይዞ መጣ።

«የአባቷ ስም ማነው?» አለኝ።

«ሰይድ» አልኩት። ቀስ ብሎ አሳምሮ ጻፈው።

«የአያቷስ?»

ብሩሹን እንዳነሳ ጠበቀኝ። ቀለሙ ጫፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ያን የሚያውቅልኝ አንድ ሰው እሷ ነበረች፤ እኔም አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።