ታምራት እንሰት የፋቀ ቀን

«ከገረሴ ደጋ ለምን ወረድሽ? ንገሪንና እንጻፈው» ብላችሁ ነዝንዛችሁኛል፣ የልጅ ልጆቼ። እሺ፣ ጻፉ። ከአገር ወጥታችሁ በሰው ደጅ ያላችሁም ስሙኝ። ስደት ባሕር መሻገር ብቻ አይደለም፤ እኔ ከደጋ ቆላ ወርጄ ተሰድጃለሁ።

የወጣነው ሊነጋጋ ሲል ነው፣ ጎረቤት ሳይነቃ። እኔና ልጄ ታምራት፣ አንድ ጆንያና አንድ ጋቢ ይዘን፣ እንደ ሌባ። የሰረቅነው ነገር ግን የለም። ታምራት እንሰት ፍቆ ነበር፣ ጥፋቱ ይኸው ነው።

ክንዴ ተሰብሮ ነበር። እናታችሁ ካምባ ተድራለች፣ ባለቤቴ ሞቷል፣ የተቆረጠ እንሰት ደግሞ አይጠብቅም፣ ይበላሻል። በእኛ አገር እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ ወንድ ወደዚያ ዝር አይልም። ታምራት ግን የአጥሩን በር ዘግቶ ተቀመጠና ፋቀልኝ፣ ቀስ እያለ፣ መዝሙር እያንጎራጎረ። አብሮ አደጎቹ በአጥሩ ቀዳዳ በስልክ ቀረጹት። ቀረርቶ ለጥፈውበት ቲክቶክ ላይ ለቀቁት! ገበያ ሲወጣ «ፋቂ! ፋቂ እንጂ እቴ!» እያሉ ተከተሉት። የእጮኛው ወንድሞችም ሰው ላኩ፤ «እህታችንን ለወንድ ነው የምንድረው» ብለው። ልጄ እህል ተወ። እኔ ያገኘሁትን ገመድ ሁሉ ከእሱ መደበቅ ጀመርኩ። ስለዚህ ወረድን።

የወረድንባት የቆላ ከተማ፣ ሲቀላ፣ ምድሯ እሳት ነው። እኛ ዘንድ በጭጋግ ውስጥ እንኳ ሰው ድምፅህን ለይቶ ሰላም ይልሃል፤ እዚህ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፍቶብህ ያልፋል። የገበያው ቆጮ ጠረኑ የእኛ አይደለም። ቤት ስንለምን ያገኘነው አከራይ ከሰሜን የመጣ ጡረተኛ ሻምበል ነበር።

«እትዬ፣ ወንድ አለዎት?»

«ይኸው ልጄ።»

ታምራትን ከላይ እስከ ታች አየው። «ውሃ ማን ይቀዳል?»

«እሱ።»

«ልብስ ማን ያጥባል?»

«ክንዴ እስኪጠና እሱ ነው፣ ሻምበል።»

«እንግዲያውስ ሁለት ሴቶች ብዬ ነው የማስመዘግበው» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔም ቤቱን እንዳይከለክለኝ ሳቅሁ። ታምራት አልሳቀም።

ማንም አያውቀንም ብለን ነበር፤ ቪዲዮው ለካ ቀድሞን ወርዷል። ሙዝ ሲጭን አንዱ ባለባጃጅ አወቀውና «አንተ! ያ የእንሰቱ ልጅ!» አለው በሰው ፊት። ከዚያ ወዲህ ልጄን አጣሁት። ፊልም ቤት እየዋለ፣ ሴት በጥፊ የሚመቱትን ጀግኖች እያየ ይመጣል። ድምፁን አወፈረ፣ ደረቱን ነፋ። አንድ ቀን ያጠብኩትን ጋቢ መጭመቅ አቃተኝ፤ ክንዴ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። «ያዝልኝ፣ ልጄ» አልኩት። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ።

«ሰው ያየኛል፣ እማ» አለና ወጣ። ጋቢው ውሃውን እያንጠባጠበ እጄ ላይ ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት ቦርሳውን አነገተ።

«ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ። ወንድ ሆኜ እመለሳለሁ።»

«አሁንስ ወንድ አይደለህም?» አልኩት። ቦርሳውን አስተካክሎ ወጣ። ጫማ ሳላደርግ ልከተለው ስወጣ ሻምበል በሩ ላይ ቆሟል።

«ይተዉት፣ እትዬ! እናቱ ከመኪና ያወረደችው ወንድ ዕድሜ ልኩን ቀና ብሎ አይሄድም። እንደገና ሊያዋርዱት ነው?»

አመንኩት። ያ የገበያው ሳቅ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ደግሞ በእኔ የተነሳ ይሳቅበት? ተመልሼ ተቀመጥኩ። በማግስቱም አልወጣሁም፣ በሦስተኛውም ቀን።

ከሞያሌ አንድ ጊዜ ደወለ። «ደህና ነኝ፣ አታልቅሺ» አለኝ፤ የሚያለቅሰው ግን እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። በየእሑዱ ቁጥሩን ትደውሉልኛላችሁ፣ ያቺ ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትላለች፣ እዘጋለሁ።

ከዓመታት በኋላ ጸሎት ቤት አጠገቤ የተቀመጠች ሴት መናኸሪያው በር ላይ ሻይ እንደምትሸጥ ስታጫውተኝ፣ የልጄን መልክ ነገርኳት።  ያየችውን አወጣችው። ታምራት በዚያ ቀን አልሄደም። ሦስት ጠዋት ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ እሷ ዘንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ወደ ሞያሌ መንገድ የሚወጣው መኪና ረዳት «ኮንሶ! ኮንሶ!» ሲል ይነሳል፣ መልሶ ይቀመጣል፣ መኪናው ይሄዳል።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለችው።

«እናቴን» አላት።