የእትዬ ሐሊሜ ግድግዳ

ዘበነ ማለዳ ማለዳ ወደ ሥራ ሲሄድ የመዶሻውን እጀታ ወደ ፊት አዙሮ ይይዝና በመንገዱ ላይ ያሉትን የድንጋይ ግድግዳዎች መታ መታ ያደርጋል። ከላይ አንዴ፣ ከመሀል አንዴ፣ ከመሠረቱ አጠገብ አንዴ። ደረቅ ግድግዳ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውሃ የያዘ ግን እንደ ጠገበ ሆድ ድብ ይላል። የሰቆጣ ሰው ለምዶታል። ገበያው ዳር ሻይ የሚጠጡት፣ “ዛሬስ ማንኛው ታመመ፣ ዶክተር?” ይሉታል። ስቆ ያልፋል። የእትዬ ሐሊሜ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጋ ሲደርስ ግን መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ይከተዋል። ሰው የሱቁ ግድግዳ ብሎኬት ስለሆነ ይመስለዋል።

ሱቁ ያለበት ቦታ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት ነበረበት። ታች ይነገድበታል፣ ላይ ይኖርበታል። የሠሩት አያ ገብረ አምላክ የሚባሉ ግንበኛ ናቸው፤ ገና ጎረምሳ ሳሉ ከአባታቸው ጋር። ድንጋዩ በጭቃ ተገንብቶ በየክንዱ የወይራ እንጨት ማሰሪያ ዙሪያውን ያልፍበታል፤ ከስምንት መቶ፣ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የነበሩ ግንበኞች በዚሁ መንገድ ሠርተዋል። ውጩ አይለሰንም። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ግንበኛው ተመልሶ ይመጣና ክረምቱ ያጠበውን ጭቃ በአዲስ ጭቃ ይሞላዋል። ቤት የሠራ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ይህ ቀጠሮ አይቀርም።

ዘበነ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ከአጎራባቹ ዝቋላ ወረዳ መጥቶ እኒህ ሰው ዘንድ ዘጠኝ ዓመት ሠራ። ከቤታቸው በላ፣ ከቤታቸው አደረ። ሽማግሌው ሥራ የሚያዙት በአማርኛ ነበር፤ አልጠረብ ያለውን ድንጋይ የሚሰድቡት ግን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ነው። ግድግዳ መምታትንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ሲሚንቶ መጣ። ከወልድያ በጭነት መኪና እየተጫነ ሲገባ ዘበነ አንድ ጤና ጣቢያ ግንባታ ላይ ተቀጥሮ ልስን ለመደ። በ1988 መስቀል እንዳለፈ አያ ገብረ አምላክ ጭቃቸውን አስረግጠው እትዬ ሐሊሜ ደጅ ሲደርሱ ዘበነ ቀድሟቸው ቆሞ ነበር። ለሴትየዋ አንድ ጊዜ በሲሚንቶ ቢለሰን የዓመት ዓመቱ ጣጣ እንደሚቀር አስረድቷቸዋል። ሽማግሌው ልስኑን ሲሰሙ፣ “አታፍነው፤ ይተንፍስ” አሉ።

ዘበነ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞር ብሎ፣ “አያ፣ እርስዎ እኮ በጭቃ አረጁ” አላቸው።

ሰው ሳቀ። እትዬ ሐሊሜም ሳቁ። ሽማግሌው ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ።

ዘበነ ቤቱን ዙሪያውን በሲሚንቶ ለሰነው። ሁለት ክረምት አለፈ። በ1990 ጥቅምት ላይ የሰሜኑ ግድግዳ ሆዱን ነፋ። ዘበነ ተጠራና ልስኑን በመሮ ከፍቶ አየ። ውስጡ ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ ነበር። በቆርቆሮው ጠርዝ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ቆይቷል። ልስኑ የነካው ማሰሪያ በጣት ይፈርሳል፤ ወደ ውስጥ አንድ ስንዝር የገባው ግን የወይራ ሽታው እንኳ አልጠፋም። ገባው። እትዬ ሐሊሜ ከኋላው ቆመው ምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ “የድሮ ሥራ ነው፤ ማሰሪያው በስብሷል። መፍረስ አለበት” አላቸው።

ለማፍረስ ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ውሃ ያልገባባቸው የቀሩት ሦስት ግድግዳዎች ለዲጂኖ አልበገር አሉ። በአምስተኛው ቀን አያ ገብረ አምላክ መጡ። ከተከመረው እንጨት አንዱን አንስተው አሸተቱና ለዘበነ ዘረጉለት። አልተቀበላቸውም። መሬት ላይ መልሰው አስቀምጠውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የገብረ አምላክ ቤት በስብሶ ፈረሰ ተባለ፤ ለመስቀል ቀጠሮ የሚጠራቸው ጠፋ። የእርሻ እርከን እየካቡ ሁለት ዓመት ኖረው ሞቱ። ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ ዘበነ ነበር። ቀባሪው፣ እንዲህ ያለ ደቀ መዝሙር ይስጥ እያለ መረቀው።

በ1998 ሶስና የምትባል የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣች። ለከተማው የሚሠራውን ቤተ መጻሕፍት እንደ ጥንቶቹ የሰቆጣ ቤቶች አድርጋ ልትነድፍ አስባ የቀሩትን ስትለካ ሰነበተች። የፈረሰው ቤት ፎቶግራፍ እትዬ ሐሊሜ ሱቅ ተሰቅሎ አገኘች፤ የሚያውቀው የገብረ አምላክ ተማሪ ነው ተብላ ዘበነን እዚያው አስጠራችው። እትዬ ሐሊሜ ጨርቅ እያጠፉ ይሰማሉ። ሶስና የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገረችው፤ ማሰሪያው በምን በሰበሰ? በራሱ በሃምሳ ዓመት የሚበሰብስ ከሆነ አሠራሩን ትታ የኮንክሪት አምድ ታቆማለች፣ ድንጋዩን ለመልክ ብቻ ትለጥፈዋለች። ዘበነ አስቤ ነገ ልንገርሽ አላት። በምን እንደበሰበሰ ለመናገር ምን ያሳስባል ስትል ግር አላት።

በማግስቱ ጧት ሱቁ ጋ ሲደርስ መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተና ገባ። ሶስናም እትዬ ሐሊሜም እዚያው ነበሩ።

“አልበሰበሰም ነበር” አለ። “የበሰበሰው እኔ የለሰንኩት ጋ ብቻ ነው። ሲሚንቶው ውሃውን አፍኖ ያዘው። ያኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እትዬ። አይቼ ነው የዋሸሁዎት።”

ሶስና ወደ ሴትየዋ አየች። እትዬ ሐሊሜ የያዙትን ጨርቅ አጥፈው ጨረሱ፤ ከሌላው ላይ ደረቡት።

“ቤቱ ሊፈርስ ሲል፣ በዋዜማው፣ አያ ገብረ አምላክ መጥተው ነበር” አሉ። “ልስኑን ብቻ አራግፉት፣ በጋውን ይድረቅ፣ የተበላሸውን እኔ እለውጠዋለሁ አሉኝ። ማን አበላሸው ብላቸው ዝናብ ነው አሉ።”

ዘበነ ወለሉን ያያል።

“እኔም፣ አያ፣ እርስዎ አርጅተዋል አልኳቸው” አሉ እትዬ ሐሊሜ። “ያንተኑ ቃል።”

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አላየም። አንዲት ገበያተኛ ገብታ ሻሽ ስትጠይቅ ዘበነ ከደጃፉ ገለል ብሎ ወጣ።

ቤተ መጻሕፍቱ በጥር ተጀመረ። ወይራው በየክንዱ ገባ፤ የውጭ ፊቱ ሳይለሰን ቀረ። ዘበነም በግንበኝነት ተቀጠረበት። በዚያው ወር እትዬ ሐሊሜ የሱቃቸውን የኋላ ግድግዳ ሊያስጠግኑ ፈልገው ዘበነን ትተው ከኮረም ሌላ ግንበኛ አስመጡ።